የዘንዶው ድምፅ እኔ ነበርኩ

አሳድጋ ለሰው ላበቃችኝ ለእታለም፦

እንደምን አለሽልኝ? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም ከወንበር ስትነሺ እንደ ዛገ በር ትጮኺያለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? እህል ይገባላታል? እንቅልፍስ? ጋሼ ባለቤትሽ ሰው ሁሉ ጥሎ ሰባብሮ ከሚያመጣለት ሰዓት ጋር እንደተሟገተ ነው? የልጅሽ የፍልፍሏ የፊት ጥርስ በቀለ? አንድ በአንድ ዓይን ዓይናችሁን እያየሁ የጠየቅኋችሁ ያህል ቁጠሩልኝ። እኔን የጠየቅሽኝ እንደሆነ፣ «ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም» የሚለውን ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

ስልክ ባለመደወሌ ተቀይመሻል። በዚያ በጨርቅ ነጋዴው በኩል የላክሽብኝ ወቀሳ ደርሶኛል፤ «ድምፁን ሸጦ በላው ወይ በለው» ብለሻል አሉ። አልሸጥኩትም እታለም፤ ጥሎኝ ሊሄድ ነው እንጂ። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽም ያው ነጋዴ ነውና እሱን ምንም አትጠይቂው። ጉንፋን ይዞኛል ብዬዋለሁ፣ አምኖኛል። አንድ አደራ ደግሞ አለኝ፦ ለእማዬ ጮክ ብለሽ ከማንበብሽ በፊት ለብቻሽ ጨርሺው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ሥራዬ የአንድ ትልቅ ሕንፃ በር መጠበቅ እንደነበር ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። ውስጥ የቀሩት ሰዎች ሲንጫጩ ጊዜ በደረጃ ወጥቼ አፌን ከበሩ ስንጥቅ አስጠግቼ «አይዟችሁ፣ አየር አለ፣ ቁጭ በሉ፣ ባለሙያው መንገድ ላይ ነው» እያልኩ ቆየሁ። ከወጡት ሰዎች አንዱ የድምፅ ባለሙያ ነበር፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው የኮምፒውተር ጌም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው። ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ትከሻዬን ያዘና «ይኼ ድምፅ ከየት ነው የሚወጣው? ከምድር ቤት ነው እንዴ?» አለኝ። እኔ የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ዘንዶ ሲፈልጉ ከርመዋል።

ድራጎን ነው የሚሉት። የእኛው ዘንዶ ነው፤ ግን ክንፍ አለው፣ እሳት ይተፋል፣ በወርቅ ክምር ላይ ተጋድሞ ይውላል። ተጫዋቹ ሰይፍ ይዞ ዋሻው ውስጥ ይገባል፣ ይገድለዋል፣ ወርቁን አፍሶ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ ግድግዳዋ በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከመስታወት ማዶ እያዩኝ፣ ማይክሮፎን ፊት መጮህ። የሚንኮሻኮሽ ጃኬት መልበስ ክልክል ነው። ሆድሽ ቢያጉረመርም እንደገና ትጀምሪያለሽ፤ አንዴ የእኔ ሆድ ሲጮህ የድምፅ ባለሙያው «ይኼን እንዳትነኩት፣ ከዘንዶው ይሻላል!» ብሎ አስቀርቶታል። በሰይፍ ስሞት፣ በቀስት ስሞት፣ ከገደል ወድቄ ስሞት እውልና ቤቴ ገብቼ ደኅና አድርጌ እራቴን እበላ ነበር።

የጌሙን ታሪክ የምትጽፈው ሴትዮ ስለ ዘንዶው ጠባይ ጽፋ የሰጠችኝ «ኩሩ፣ ስስታም፣ ቁጡ» የሚል ብቻ ነበር። «ለምንድን ነው የሚቆጣው?» አልኳት። «ድራጎን ነዋ!» አለችኝ። የድምፅ ባለሙያው ሳቀባት። በእሱ አያቶች አገር ዘንዶ ደመና የሚነዳ፣ ዝናብ የሚያመጣ፣ ጢሙ የረዘመ ሽማግሌ ነገር ነው፤ ሲከፋው ዝናቡን ያስቀራል እንጂ ሰው አያቃጥልም። እሷም ተጫውታ የማትጠግብ ናትና በየጌሙ ያየቻቸውን ታወራልን ጀመር። አንዱ ድራጎን ካላሞገሱት አያናግርም፤ አንዱ እንቆቅልሽ ጠይቆ ላልመለሰለት አይምርም፤ ሌላው ደግሞ ልቡ ለወደደው ጀርባውን ሰጥቶ እንደ ፈረስ ይጋለብለታል። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «በእናንተስ ዘንድ?» አሉኝ።

አባባ ያወራልን የነበረውን፣ ምንጭ ላይ ተኝቶ በየዓመቱ ልጃገረድ ካልገበራችሁልኝ የሚለውን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የአንቺው ነው። አባባ ያን አውርቶ ሥራው ሲሄድ እኔ አልጋ ሥር ገብቼ አለቅሳለሁ፤ አንቺ ደግሞ ደረትሽን ምንጣፉ ላይ ለጥፈሽ ነገሩን ታስተካክይልኝ ነበር። «ሰው አይበላም፣ ውሸታቸውን ነው። ኩርፊያም ስለሆነ ነው። ምንጩ ላይ የተኛው ሰዎቹ መጥተው እንደምን ዋልክ እንዲሉት ነው። ሰላም ያለውን ሰው ወገቡን ሰብሰብ አድርጎ ያሳልፈዋል። ዝም ብለው ባልዲያቸውን የሚነክሩትን ግን ይቀየማቸዋል» ትዪኝ ነበር። አጎታችንን እያየሽ እንደምትፈጥሪው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ሴትዮዋ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ ዋሻውንም ወርቁንም አንስታ ዘንዶውን የውኃ ጉድጓድ አፍ ላይ አስተኛችው። ሰላም ያለው ተጫዋች ያልፋል፣ ቁጭ ብሎም ያወጋል። እነዚያ ቀናት እታለም፣ እንደዚያ ያለ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። አልጮህም። በገዛ ድምፄ፣ ለፍልፍሏ በስልክ እንደማወራላት፣ ቀስ ብዬ ነው። «ማን ነህ? እርምጃህ አዲስ ሆነብኝ። ጫማህም ሳይጠብህ አልቀረም» ይላል ዘንዶው። «ስማችሁን ስጠይቅ ለምን ሰይፋችሁን ታሳዩኛላችሁ?» ይላል። አንዳንዱን በእኛው ቋንቋ እንድለው ፈቀዱልኝ፤ ለእነሱ የጥንት ዘንዶዎች ቋንቋ ነው። «ደኅና መጣችሁ፣ ውኃው ያው፣ ቅዱ» አልኩ። ምን እንዳልኩ ሳይገባት ሴትዮዋ ከመስታወቱ ማዶ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ከዚያ ለሙከራ ተጫዋቾች ተጠሩ፤ እኛ ከጀርባቸው ቆመን ማየት ሆነ። ያ ዘንዶ ገና «ማን» ሲል ቀስት ዓይኑ ላይ ነው። እየመጣ የተቀመጠው ሁሉ ሰይፉን መዘዘ። አንዲት ልጅ ብቻ ጉድጓዱ አጠገብ ቆም አለች። ሦስታችን ተያየን፤ የድምፅ ባለሙያው ክንዴን ጨበጠኝ። ለካ የምትወጋበትን ቦታ እየመረጠች ኖሯል። አለቃው «ሰው ድራጎን ሰላም ለማለት ብሎ ጌም አይገዛም» አለና ንግግሩ በሙሉ እንዲቆረጥ አዘዘ። ወርቁም ተመለሰ፣ ቁጣውም ተመለሰ። ሴትዮዋ ብዙም ሳትቆይ ሥራውን ለቀቀች። ስትወጣ እጄን ይዛ «እህትህን ይቅርታ በልልኝ» አለችኝ፤ ያኔ አልነገርኩሽም፣ አሁን ብዬላታለሁ።

እኔ ወደ ጩኸቴ ተመለስኩ። ድምፄ መሻከር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ለአለቃው ጉሮሮዬ ተዘግቷል፣ ጥቂት ልረፍ አልኩት። አፌን ከፍቼ ሲሰማኝ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። «ይኼን ነበር ስፈልግ የኖርኩት! ሳይሻልህ ቶሎ ግባ!» አለኝ። ገባሁ። እየዋለ እያደረ ድምፄ ባሰበት፣ እነሱ ደግሞ ደስታቸው በዛ። ምራቄን ስውጥ ጆሮዬ ድረስ ይወጋኛል፤ እነሱ «ዛሬስ ከትናንት በለጥክ» ይሉኛል። አንድ ቀን የድምፅ ባለሙያው በመሀል ቀረጻውን አቆመና ማዳመጫውን አውልቆ ወደ እኔ ገባ። «ይኼ ትወና አይደለም። ጃኬትህን ልበስ» አለኝ። ራሱ ነው ይዞኝ የሄደው።

ሐኪሟ በአፍንጫዬ ቀጭን ቱቦ አስገብታ የጉሮሮዬን ውስጥ በስክሪን አሳየችኝ። ካንሰር ነው እታለም። ሌላ ስም ልፈልግለት ብዬ ብዙ አሰብኩ፣ ምንም አላገኘሁለትም። አንገቴ ላይ ወዳሉት ዕጢዎችም አልፏል። ሰኞ ድምፄ የሚወጣበትን ማንቁርቴን ሙሉ በሙሉ ያወጡታል፤ ከዚያ በኋላ የምተነፍሰው አንገቴ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው። «ከዚያስ እድናለሁ?» አልኳት። እጇን እጄ ላይ አሳርፋ «ጊዜ እናገኛለን» አለችኝ። ምን ያህል ብዬ አልጠየቅኋትም። ድምፅ ለሌለው ሰው አንገት ላይ እየተደገፈ የሚያናግር መሣሪያ አለ ብላ ከፈተችልኝ፤ ጥርስ የሚያነዝር የብረት ድምፅ ነው። የድምፅ ባለሙያው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ደግሞ ሌላ ድራጎን» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ሐኪሟ ያበድን ሳይመስላት አልቀረም። ውጭ ስንወጣ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያለቀሰው እሱ ነው።

ስልኩን በተመለከተ ይኸውልሽ። ድምፄ ጨርሶ ከመሄዱ በፊት ብዬ ለእማዬ ደውዬላት ነበር። አንቺ ወጣ ብለሽ ነው መሰለኝ ራሷ አነሳችው። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «እማዬ» አልኳት ደግሜ። «ይቅርታ የኔ ወንድም፣ ቁጥር ተሳስተሃል» አለችኝ። «ጉንፋን ይዞሃል መሰለኝ፣ ትኩስ ነገር ጠጣበት። አሁን ግን ስልኩን ልቀቅልኝ፣ ልጄ ሊደውልልኝ ይችላል።» ዘጋችው።

ደግሜ መደወል እችል ነበር። በልጅነቴ የምትጠራኝን ስም ብነግራት፣ የግራ ጆሮዬን ጠባሳ ብነግራት ታምነኝ ነበር። ግን ምን ብዬ ልቀጥል? ልጅሽ ይኼ ነው፣ ይኼም ቢሆን ሰኞ ያልቃል ልበላት? ዓይኗ አልይዝ ካላት ወዲህ እኔ ማለት ለእሷ ድምፄ ነኝ። ፎቶግራፍ አልልክላት፣ መልኬን አታይ። ስልኩን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

በማግስቱ የድምፅ ባለሙያውን ለመንኩት። ያን በገዛ ድምፄ ያወጋሁትን፣ በተለይ በእኛው ቋንቋ ያልኩትን ፈልግልኝ፣ ለእናቴ ልላክላት አልኩት። ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ውሎ አጣው። ከሥራው የተቆረጠ ነገር ቦታ እንዳይዝ ይሰረዛል፤ ደንባቸው ነው። የተረፈውን አሰማኝ። እሪታ፣ ማጓራት፣ ማቃሰት፣ መሞት። ሁሉም እኔ ነኝ፣ አንዱም እኔን አይመስልም። በእናንተም ዘንድ የተቀዳ ነገር አይኖርም። ስንጨዋወት ማን ይቀዳል?

ጌሙ ወጥቷል። ዘንዶውን ሰዉ ወዶታል ይላሉ። አንዱ ተጫዋች «ሲጮህ የእውነት የሚሠቃይ ነው የሚመስለው፣ አንጀት ይበላል፣ ደግሞ ደጋግሞ መግደል ያስደስታል» ብሎ ጽፏል። አለቃው ይኼን አትሞ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ፍልፍሏ አድጋ አንድ ቀን ይኼን ጌም ከሰው ስልክ ላይ ብታየው እኔ እንደሆንኩ አትንገሪያት።

ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ፤ ደብዳቤው ሲደርስሽ ነገሩ አልፏል። የምገባው ተስፋ ስላለኝ አይደለም፣ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው። ተሳፍሬ ልምጣና እናንተ ዘንድ ልሁን ብዬ ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር፤ መተንፈሻዬ እየጠበበ ስለሆነ መንገዱን አትጨርሰውም አለችኝ። ከዚያ በኋላስ ብላት የሰኞውን ወረቀት አስፈረመችኝ። የድምፅ ባለሙያው አጠገቤ ይሆናል፤ የሆነውን እሱ ያሳውቅሻል። እኔ እንደምጽፍልሽ ቃል አልገባም።

እማዬን «ስልኩ ተበላሽቶበት ነው» በያት ልልሽ ነበር፣ ተውኩት። እሷን ታውቂያታለሽ፣ እንዲያ ከተባለች ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዕድሜዋን ስትጠብቅ ትኖራለች፣ ማንም ሰው ቢደውል ታባርራለች። እውነቱን ንገሪያት። ጉንፋን የያዘው ሰውዬ ልጅሽ ነበር በያት። እንዳላወቀችኝ አስባ ራሷን እንዳትወቅስ፣ እኔም ራሴን ስሰማ እንደማላውቀው ንገሪያት። ስትነግሪያት ጋሼ አጠገባችሁ ይሁን፣ ብቻሽን አትችይውም። ከዚያ ቀስ ብለሽ ስልኩን ከጭኗ ላይ አንሺላት።

ጋሼን እንደ አባት ያየሁትን ሰው፣ በሁለት ጉንጩ ሳሚልኝ። ፍልፍሏን አቅፈሽ አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ተረት አምጪ ብላ ብትይዝሽ እንዳትከለክያት። አጎታችንን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን እንዲሁ፣ ሸሚዜ እስከ ዛሬ አንድ ቁልፍ አልጎደለበትም በያት። አንቺን በምን ቃል እንደምሰናበትሽ አላውቅም፣ እታለሜ። እማዬን ግን ሳሚያትና ዝም በዪ፤ ማን እንደሳማት ራሷ ትወቅ።

ታናሽ ወንድምሽ

በመስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛዬ
ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን