ወንፊት የለበሰ ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6
የምሠራበት ፋብሪካ ደረሰኝ ከፊቴ ተቆልሎ ስለ ግራፊክስ ካርድ ሳስብ ዋልኩ። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩለት ኮምፒውተር... ዕቃውን አንድ በአንድ መርጬ ራሴ ልገጥመው ነው። ለጌም! በሃያ ስድስት ዓመቴ! እማ ብትሰማ "ባል አትፈልጊም?" ነው የምትለኝ።

አባ ዛሬም በረንዳ ላይ። ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድቶ፣ የግራ ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ ቢያቅተው ቤት ከዋለ ዓመት ሊሞላው ነው። ከ"እሺ" በቀር አይናገርም። ምን ባደርግለት ይሻላል?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11
ሞቲ ሱቅ ሄድኩ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ጓደኛዬ ጋ። ፕሮሰሰሩ ላይ ተስማማን። ራሙም ላይ። "ፓወር ሰፕላይ ላይ አትሰስቺ፣ የኛን መብራት ታውቂዋለሽ" አለኝ። እሺ። ሁሉ የሚገጠምበት ሳጥን፣ ኬዙ ላይ ግን ተጣላን። እኔ ፊቱም ጎኑም መስታወት የሆነውን... ውስጡ ቀይ ሰማያዊ የሚያበራውን!

"ሑስና፣ አዳማ እኮ ነው ያለሽው። ፊቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ውሰጂ፣ አየር ይግባው።"
"እሱማ የዶሮ ቤት ይመስላል።"
"እሺ፣ ዶሮዋ ስትጠበስ ትጠሪኛለሽ።"

መስታወቱን ወሰድኩ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21
ግራፊክስ ካርዱ ከአዲስ አበባ መጣ። ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌው ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2
ገጠምኩት! በራ! ጩኸቴን ሰምታ እማ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

አሥር ደቂቃ ተጫወትኩ... ድርግም። እንደገና ከፈትኩት። ድርግም። ሙቀቱ ነው። ለሞቲ ልደውል? ብሞት አልደውልም! አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

እሁድ፣ ግንቦት 3
አባ እያነከሰ ክፍሌ ገባ።

"ሲነሳ ደህና ነው፣ ሲቆይ ነው የሚጠፋው?"
"አዎ።"
"አየር አጥቷላ! ራዲያተር በብርድ ልብስ ሸፍኖ አፋር ይወረዳል?"

የፊቱን መስታወት ፈታው። ጓዳ ገብቶ... የእማን አዲሱን ወንፊት ይዞ መጣ! ሽቦውን ቆርጦ በመስታወቱ ቦታ ገጠመው። "አቧራውንም ይይዝልሻል" አለ። ቁራጭ ሶፍት ወደ ወንፊቱ አስጠጋ። ሶፍቱ አየሩ ስቦት ልጥፍ!

ሁለት ሰዓት ተጫወትኩ። አልጠፋም።

"አየሽ፣ ኢንተላ ኮ" አለኝ። ልጄ ካለኝ ስንት ጊዜው ነው? ደስ አለኝ፣ በጣም።

እማ ወንፊቷን እየፈለገች ነው። ሁለታችንም አላየንም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5
እማ አገኘችው። አባ ፈጥኖ "ሑስና ናት" አለ። ከሃዲ!

ራት ላይ፣ ወደ እኔ ሳያይ፦ "ያ ነገር... የጭነት መኪና አለው?"
አለው አባ። አለው!

እሁድ፣ ግንቦት 10
ሞቲ አሮጌ የጌም መሪ አዋሰኝ። ወንፊቱን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይሳቅ፣ ይገባዋል። መሪውን ጠረጴዛው ላይ አሰርነው። ነዳጅና ፍሬን ብቻ ነው ያለው፣ ሁለቱም በቀኝ እግር። አባ በግራ እግሩ ወለሉን ዳበሰ።

"ፍሪሲዮኑስ?"
"የለውም።"
የግራ ጉልበቱን መታ አድርጎ፣ "ጎሽ" አለ።

ከጠዋት ጀምሮ ከጭነት መኪናው ጌም አልተነሳም። የድሮ ረዳቱ ጋሽ ሱሩር አጠገቡ ቆመው "ና! ና! በግራ በኩል ነፃ ነህ!" ይላሉ። ዳገቱ ላይ አባ ስለ ማርሹ ይሳደባል። እማ በር ላይ ቆማ ትስቃለች።

"አባ፣ በገዛ ኮምፒውተሬ ተራዬ መቼ ነው?"
"ጭነት ይዣለሁ፣ ኢንተላ ኮ። አድርሼ ልምጣ።"

ድሮ ሲወጣ በር ላይ ቆመን እንለው እንደነበረው፣ "በሰላም ግባ" አልኩት።