በሦስት «ሀ» የዘገየው ካርድ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ኮምፒዩተሩን በከዘራዋ ሰብራ ከሥራ ተባረረች የሚል ወሬ ሰምተህ መደንገጥህን የአክስታችን ልጅ ነገረችኝ። አልሰበርሁም፤ አልተባረርሁምም። ይልቅስ አንተ እንዴት ከረምህ? ጉልበትህን ተሻለህ ወይ? ባለቤትህንስ ያ ሳል ለቀቃት? እኔ ደኅና ነኝ፤ ከጤናዬ በቀር ግን የቀናኝ ነገር የለም።

የሆስፒታላችን ካርድ ክፍል የሕመምተኛ ስም የሚፈልግበት ፕሮግራም ባለፈው ወር ታደሰ። ፊት ስም ሲጻፍ ካርዱ በዐይን ጥቅሻ ይወጣ ነበር። አሁን ለአንድ ስም ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ወረፋው በር አልፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ጥበቃው፣ ካርድ እስኪወጣ በሽታው ራሱ ሰልችቶት ይሄዳል እያለ ይቀልዳል፤ የሚስቅለት የለም።

የኮምፒዩተር ባለሙያው ሦስት ቀን ሲመረምር ሰነበተ። ገመዱን ፈተሸ፤ ማሽኑን አጥፍቶ አበራ፤ በመጨረሻ ጥፋቱን አገኘው። ጥፋቱ እኔ ነኝ። ሲታደስ የክፍሉ ኃላፊ በመሆኔ ምን ይጨመር ብለው ቢጠይቁኝ፣ ጸሐፊዎቹ ፊደል ስለማይለዩ ሀሌታውን «ሀ»፣ ሐመሩን «ሐ»ና ብዙኃኑን «ኀ»፣ እንዲሁም ንጉሡን «ሠ»ና እሳቱን «ሰ» እንደ አንድ ቆጥሮ ይፈልግ፣ የተመዘገበው ስም ግን በትክክለኛ ፊደሉ ይቆይ ብዬ ነበር። ማሽኑ ታዲያ የስሞቹን ማውጫ ትቶ፣ በተጠየቀ ቁጥር ሁለት መቶ ሺሕ ስም ፊደል እየለወጠ ከዳር እስከ ዳር ያነባል። የገዛ ምላሴ ጠለፈኝ።

ሰኞ አንዲት እናት ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ይዛ መጣች። ሐኪሙ ለሕፃኑ የማይስማማውን መድኃኒት ከካርዱ ሊያይ ጠበቀ። ካርዱ ሳይወጣ የሕፃኑ ከንፈር ጠቆረ። ተርፏል። እናቱ ስትወጣ ግን፣ «እማማ፣ የልጄን ስም እኮ በትክክል ነው የነገርኩዎት» አለችኝ።

ማሽኑ ትክክለኛውንና የተለወጠውን፣ ሁለቱንም አጻጻፍ የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ ስሙ ሁሉ በአንድ «ሀ»ና በአንድ «ሰ» ይለወጥ ይላል ባለሙያው። በንጉሡ «ሠ» ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣ፣ በእሳቱ «ሰ» ሰረቀ ማለት ሌባ ሆነ መሆኑን ብነግረው፣ «ሌባም ቢሆን ቶሎ ይታከም» አለኝ። መምህራችን በዚህች ፊደል ስንት ቀን እንዳንበረከኩን አንተ ታውቃለህ። ሠላሳ ዓመት አንድ በአንድ ያቀናሁት የሰው ስም በአንድ ቀን ሊጣመም ነው፤ ፈቃዱን የምትፈርመውም ይህችው እጄ ናት።

ባለቤትህን፣ ትልቋን ልጅህን፣ ያቺን አፈ ጮሌ ታናሿንና አማትህን ሳምልኝ።

ነገ በመጀመሪያ ፈቃዱን እፈርማለሁ። ቀጥዬ ለጸሐፊዎቹ የሰቀልሁትን የፊደል ገበታ ከግድግዳው አወርዳለሁ። ከዚያ መስኮቱን ከፍቼ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ስሙን እጠይቃለሁ፤ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ግን አልጠይቅም።

ከካርድ ክፍሉ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን
እኅትህ