አጋዘን መስቀያ ላይ የተንጠለጠለው ሞተር

አይ፣ ግትር ሆኜ አይደለም እትዬ ኤባ! መኪናዋን የፈለግኳት ልንሸራሸርባት ሳይሆን ከቤቴ ሳልወጣ እንድኖር ነው። ምነው በዚህ ዕድሜሽ፣ ባረጀ መኪና ላይ ሌላ ያረጀ ሞተር ማስገጠም ምን የሚሉት ነው እንዳትዪኝ። አላልሽኝም፣ አውቃለሁ። ግን ስታነቢው በልብሽ ማለትሽ አይቀርም፣ እኔ ቀድሜ መለስኩልሽ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ላይ የሚከዳሽ የግራው ነበር የቀኙ? ባልሽ ክላይቭስ ጆሮው ተሻለው ወይስ ዛሬም የሚሰማው እራት ሲባል ብቻ ነው? በጎቻችሁስ በደህና ወለዱ? እናንተ ጋ፣ እዚያ ከምድር ግርጌ፣ ብርዱ ሊወጣ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ በር እያንኳኳ ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ ከምላሴ በቀር ሁሉ ነገሬ አርጅቷል።

በይ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የባሌ የኢቫር ቀይዋ መኪና፣ ያቺ ነፍሱን ይማረውና ከኔ አብልጦ ያጥባት የነበረችው፣ በረዶው ሲቀልጥ ከሱቅ ስመለስ አቀበቱ ላይ ዱብ ዱብ አለችና ጸጥ አለች። ከተማ ወስደን ስናሳያት ጋራዥ ያለው ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ አየና እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ሞተሩ አልቆለታል፣ ለብረታ ብረት ቢሰጧት ይሻላል» አለኝ። «አንተንም ሲያምህ እንደዚሁ ይዘዙልህ» ብዬው ወጣሁ። መኪናዋንም አስጎትቼ ግቢዬ አቆምኳት።

ከዚያ ልጄ ሌናርት መጣ። ሱቁ ሠላሳ ኪሎሜትር፣ አውቶብሱ ተማሪ ከሌለ አይመጣ። «እማዬ፣ በረዶውን ያለ መኪና አታልፊውም። ከተማ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ክፍል ተገኝቷል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው» አለኝ። መስኮቱ ወዴት ያሳያል ብለው መኪና ማቆሚያ! ልጄ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶልኝ ነው። እኔ ግን ነደደኝና «የአጋዘን አደን ከመጀመሩ በፊት መኪናዬ የዓመቱን የመኪና ምርመራ አልፋ ግቢዬ ካልቆመች እሺ፣ እገባልሃለሁ!» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አደኑ የፊታችን ሰኞ ነው።

እኛ አገር ደግሞ እርዳታ አይጠየቅም፣ የረዳም አይናገርም፣ መቼም አልረሳሽውም። ስለዚህ ማንንም አልለመንኩም። ለጎረቤቴ ለሪግሞር ብቻ፣ የፖስታ ሳጥኖቹ ጋ ስንገናኝ፣ መኪናዬ እንደሞተች፣ አደኑ የሚጀመርበት ሰኞ ካለፈ ዕቃዬን እንደምሸክፍ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል ነገርኳት። «እንዴ» አለችና ፖስታዋን ይዛ ገባች። በሳምንቱ ጠዋት ብነሳ መኪናዬ የለችም! ለሌናርት ስልክ ደወልኩና አወረድኩበት። «ያባትህን መኪና በሌሊት ለቆራሌው! ምነው እኔንስ አብረህ ብትጭነኝ!» ምስኪን ልጅ «እማዬ፣ እኔ እኮ አልጋዬ ላይ ነኝ» ይላል። ስልኩን ዘግቼ ስወጣ የትራክተር ጎማ ምልክት አየሁ። ብከተለው ብከተለው ወዴት ወሰደኝ? ወደ አዳኞቹ ማረጃ ቤት።

ገባሁ። የሪግሞር ባል ራግናር፣ ያ በዓመት አሥር ቃል የማይናገረው፣ መኪናዬ ሥር ተኝቷል። የሞተው ሞተሬ ደግሞ አጋዘን ለመግፈፍ በሚሰቅሉበት መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሏል! «ራግናር፣ መኪናዬን ነው የምታርደው?» ስለው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ። አዎ ማለቱ ነው። ለካስ ከጎተራው ኋላ ሸራ ለብሳ የኖረች የኔዋን መሳይ መኪና አለችው። ከሁለት ክረምት በፊት አጋዘን ገብቶባት ጣሪያዋ እንደ ቆርቆሮ ሰሃን ተጨፍልቋል። የኛን አጋዘን ታውቂዋለሽ፣ እግሩ ረጅም ነው፣ ሲመታ ከላይ ነው። ሞተሯን አልነካውም። የዚያችን ልብ ለኔዋ ሊተክል ነው። የተገዛ ነገር ቢኖር ዘይትና አንድ የሞተር ቀበቶ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያችው እየተፈታ የመጣ ነው።

የአዳኞቹ አለቃ ሲክስተን ብቻ ነበር የሚያጉረመርመው። ወለሉን በካርቶን ሸፍኖ እየዞረ «ዘንድሮ ሥጋዬ ቤንዚን ቤንዚን ቢለኝ ወየውላችሁ! ሰኞ ቤቱ እንደ ቤተክርስቲያን ጸድቶ እፈልጋለሁ!» ይላል። ግን ቡሎን የሚያጠብቀው እሱ፣ መብራት የሚይዘው እሱ። አፉና እጁ አይተዋወቁም።

ሮብ ዕለት ሞተሩ ገባ፣ ሁሉም ታሰረ። እኔም ብስኩቴን ጋግሬ ከሪግሞር ጋር ሄድኩ፣ ለክብር እንግዳ የሚቀርበውን ሰባቱንም ዓይነት፣ አንዱም አልጎደለ። ራግናር ቁልፉን አዞረ። ጭጭ። ባትሪ ቀየሩ። ጭጭ። ቤንዚኑን አዩ፣ ሽቦ ነካኩ፣ ተሟገቱ። ሲክስተን «በቃ፣ እዚሁ ገፍፈን እንከፋፈላት» ብሎ ቀለደ፣ ማንም አልሳቀም። እኔ እትዬ ኤባ፣ ያን የመኪና ማቆሚያ የሚያሳይ መስኮት በዓይኔ አየሁት። ያቺ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው መኪና ስቆጥር።

በቃ ልሂድ ብዬ ኮቴን ከግድግዳው ላይ ላነሳ ስል፣ እዚያ ኮት የምንሰቅልበት የአጋዘን ቀንድ ላይ ከውሻ ማሰሪያዎቹ መሃል አንድ ወፍራም ጉንጉን ሽቦ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። «ይሄ ደግሞ የየትኛው ውሻ ነው? አንገቱን ያርደዋል እኮ» አልኳቸው። ራግናር ሲክስተንን አየው። ሲክስተን ጣሪያውን አየ። ለካስ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያስረው ሽቦ ነው፣ እሱ ከሌለ ኤሌክትሪኩ መመለሻ የለውም። ሲክስተን ለአደኑ ቤት ሲያጸዳ፣ ማሰሪያ የሚባል ሁሉ ቀንድ ላይ ነው ብሎ ሰቅሎታል! «የማሰሪያ ቦታው እዚያ ነዋ!» ብሎ ተቆጣ ደግሞ። ሪግሞር ብስኩት አንቋት እስክትሳል ሳቀች። ሽቦውን አሰሩት፣ ቁልፉ ዞረ፣ ቀይዋ አንዴ አስነጠሰችና ተነሳች። እኔ ዓይኔን ስጠርግ ጢሱ ነው አልኳቸው። እነሱም ጢሱ ነው አሉ።

ስንወጣ ራግናርን ያዝኩትና «እንግዲህ ውለታህን በምን እመልሳለሁ?» አልኩት። በጣቱ ጎተራውን አሳየኝና «ጣሪያው የኢቫር ነው» አለ። ጎተራቸው የተቃጠለ ዓመት፣ ኢቫር ለኛ ቤት ማደሻ ያስቀመጠውን ሳንቃ ሁሉ ጭኖ ወስዶ ደጃቸው ከምሮላቸው፣ ትንፍሽ ሳይል ተመልሷል። እኔን ሳንቃው ነቅዞ ጣልኩት ብሎኝ ስንት ዓመት ስጨቀጭቀው ኖርኩ! ያንን ሁሉ ስድቤን ጠጥቶ ሞተ፣ አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝ። ይኸው አሁን ያ ሳንቃ ሞተር ሆኖ መጣልኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ለእሱም አፈሩን ያቅልልለት።

ዛሬ ጠዋት ራግናር ለምርመራ ከተማ ወሰዳት። እኔ ልቤ አልቻለም፣ ቀረሁ። ሲክስተን ከወደቀች በትራክተር ጎትቼ አመጣታለሁ ብሎ ተዘጋጅቷል። ራግናርን «ካለፈች የፖስታ ሳጥኖቹ ጋ ስትደርስ ክላክስ አድርግልኝ» አልኩት። «ሰው ይሰማል» አለኝ። «ሰው እንዲሰማ ነው እኮ!» ብለው ትንፋሹንም አልሳበ። በሠርጉ ቀን እንኳ ድምፁ ያልተሰማ ሰው ነው፣ ምን ተስፋ አደርጋለሁ። ይኸው ደብዳቤውን የያዝኩት ከመስኮቱ ጋር ላለመፋጠጥ ነው።

ክላይቭን ሳሚልኝ፣ ስሜን ጆሮው ላይ ጮክ ብለሽ ንገሪው። ለልጅሽ ለሸሪል፣ ለሁለቱ ቀበጦቿ፣ ለዚያ አንድ ዓይና ውሻችሁም ሳይቀር ሰላምታ በይልኝ። በኋላ እንዳልረሳው ቀኑን አሁኑኑ ልጻፈው።

እህትሽ ዮርዲስ
ሌቭሸን፣ አርብ፣ ኦገስት 29

ደግሞ ቆይ፣ ምንድነው እሱ? ክላክስ ነው! ከፖስታ ሳጥኖቹ በኩል ነው፣ ኧረ አያቆምም፣ አገር ምድሩን ቀሰቀሰው፣ የሲክስተን ውሾች እንኳ አብረውት እየጮሁ ነው። ሪግሞር ባንድ እግሯ ጫማ ባንዱ ካልሲ በሬ ላይ ቆማ «ዮርዲስ! ኧረ ውጪ፣ ባሌ አብዷል!» እያለችኝ ነው። መጣሁ ብያታለ