የአራስ ጨርቅና ሦስት መቶ ችግኝ

ጓድ ደምሰው፣

በጥብቅ ልታውቀው የሚገባ ጉዳይ፦ የግራ እግር ጫማዬ ትናንት በመካኒሳ ጭቃ ውስጥ በክብር ተሰውቷል።

የደን ጥበቃ ትምህርት ልንሠለጥን የመጣን መምህራን ከቀበሌው ሕዝብ ጋር ሦስት መቶ ችግኝ ልንተክል ወጣን። አሠልጣኛችን ጓድ ምትኩ፣ «ችግኙ የበቀለበት ፕላስቲክ የመንግሥት ንብረት ነው፤ እንዳይቀደድ!» ብሎ አወጀ። እኛም ችግኙን ከነፕላስቲኩ መቅበር ጀመርን። ይኼኔ እማማ ሐሚዳ የሚባሉ የሰፈሩ ሴት ዶማቸውን ጣሉ።

«ምትኩ ልጄ፣ እናትህ የአራስ ጨርቅህን ሳትፈታልህ ብትቀር ይህን ታክል ነበር? ሥሩ በየት ይውጣ?»

ምትኩ ግራ ቀኝ አየና ኮቱን አውልቆ፣ «በሉ ምላጭ አምጡልኝ፣ እማማ» አይል መሰለህ!

ደምሴ፣ በደስታ ዘለልኩ! እኛ ቦንጋ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብና ጫካ መሃል፣ አምና እኔና አንተ ከተማሪዎቻችን ጋር ከነፕላስቲኩ የተከልነው ለምን ደርቆ እንዳለቀ ገባኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ልጆቹን ሰብስብልኝ፤ እንደገና እንተክላለን።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ፅጌረዳን በጣም ሰላም በልልኝ፣ ሕፃኗንም ሳምልኝ።
ሸምሱ

ማረሚያ፦ ለችግኞቹ ሞት የጎረቤታችንን ፍየል ጥፋተኛ ያደረገው የአምናው ቃለ ጉባኤያችን፣ «ፍየሏ» በሚለው ፈንታ «ሁለቱ መምህራን» ተብሎ ይነበብ።