ሁለት ፒክአፕ ቆመው ወላድ በቃሬዛ

ለክቡር የጤና መምሪያው የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ፣
እንዲሁም ለክቡር የተሽከርካሪ ንጽጽር ኮሚቴ ሰብሳቢ (ያው እርስዎው ነዎት)፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎን ያምዎት እንደነበር ሰምቼ ከልቤ አዝኜ ነበር፤ ወንበርዎ በአዲስ ተቀይሮልዎት እንደተሻለዎት ስሰማ ደግሞ ደስታዬ ወሰን አጣ። ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ የኮሚቴው አባላት በሙሉ፣ ከዚያም በግቢዎ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ ፒክአፖች ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በላይኛው ጤና ጣቢያ ያለን ሰዎች እግራችን ከመጠንከሩ በቀር ምንም አልሆንንም።

እኔ በዚሁ ጤና ጣቢያ የማገለግል አዋላጅ ነኝ። በስልክ ደጋግሜ ስለምጨቀጭቅዎት ድምፄን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ምናልባትም ስልክዎ ላይ «አይነሳ» በሚል ስም ተመዝግቤ ይሆናል። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸውን ማመልከቻዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሏቸው፣ ይህኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጽፌዋለሁ። ብቻዎን ከማንበብ ሸክም ላሳርፍዎት ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ከጤና ጣቢያችን ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ ከከተማው አስፋልት እስኪደርስ ግማሹ ጠጠር ነው፣ ግማሹ ደግሞ በአንድ ወቅት ጠጠር የነበረ ነው። በመካከሉ ድልድይ ተጀምሮ የቀረለት ወንዝ አለ። ምጥ የጠናባትን እናት በዚህ መንገድ የሚያወርድልን አንድ የናፍጣ ፒክአፕ ነበረን፤ ሽማግሌው እንለዋለን። ቆይቶ መምሪያው በቤንዚንና በባትሪ የሚሠራ አዲስ ሃይብሪድ ፒክአፕ አመጣ፤ ድምፅ ስለሌላትና ስለምታብረቀርቅ እመቤቲቱ ተባለች። ወዲያው እመቤቲቱ ሽማግሌውን ልትተካው ትችላለች ወይስ አትችልም የሚል ክርክር ተነሳ፤ ክርክሩን የሚዳኝ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ሁለቱም መኪኖች ከቆሙበት ንቅንቅ እንዳይሉ አዘዘ። ቁልፎቻቸው ታሽገው በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ይገኛሉ። እንግዲህ ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፦ ለፍትሐዊነትዎ ያለኝ አድናቆት የላቀ ነው። ኮሚቴው ንጽጽሩ ከአድልዎ የጸዳ እንዲሆን በማሰብ ሁለቱ መኪኖች በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ጭነት፣ በአንድ ሾፌር እንዲፈተኑ ወስኗል። እንከን የማይወጣለት ውሳኔ ነው፤ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ተረሳች እንጂ። መምሪያው ያለው ሾፌር አንድ ነው፤ እሱም ሁላችንም ጋሼ ማርሽ የምንለው ሰው ነው። መንገዱ ደግሞ ደርሶ ለመመለስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ጋሼ ማርሽ በአንድ ቀን በሁለት መኪና መውጣትና መውረድ እንደማይችል በትሕትና ሲያስረዳ፣ ሌላ ሾፌር ይጨመር ቢባል «አንድ ሾፌር» የሚለው ይፈርሳል፣ በሁለት ቀን ይሁን ቢባልም «አንድ ቀን» የሚለው ይፈርሳል ተባለና ፈተናው ሁኔታዎች እስኪመቻቹ ተላለፈ። የሚመቻቸው ሁኔታ ምን ሊሆን እንደሚችል ብዙ አሰብኩበት፤ ወይ ቀኑ መርዘም አለበት፣ ወይ ጋሼ ማርሽ መንታ ሆኖ መወለድ ነበረበት። በቀኑ ላይ ሥልጣን የለኝም፤ መንታ በማዋለድ በኩል ግን ልምዱ ስላለኝ፣ ነገሩ ቀደም ብሎ ተነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እርዳታዬን አልነፍግም ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ጭነቱም ላመሰግን። «አንድ ዓይነት ጭነት» ሲባል ወላድ እናት ማለት መስሎኝ ነበር፤ አሸዋ ማለት እንደሆነ ኋላ ገባኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ «የአንዲት ወላድ አማካይ ክብደት» እንዳሳውቅ ስጠየቅ፣ ምጥ ላይ ያለች እናት የምትመዘነው በተሸካሚዎቿ ትከሻ እንደሆነ ጽፌ ላክሁ፤ መልሱ አልተሟላም ተብሎ ተመለሰልኝ። ያም ሆኖ የአሸዋ ከረጢቶቹ ተሞልተው፣ ፈተናው በድንገት ቢፈቀድ ዝግጁ እንዲሆኑ በሁለቱም መኪኖች ላይ ተጫኑ፤ እስከ ዛሬም አልወረዱም። ጋሼ ማርሽ የእመቤቲቱ ባሌስትራ አንድ እርምጃ ሳትሄድ ደከመ እያለ ያዝናል። በሽማግሌው ላይ ደግሞ የዘበኛው ዶሮ በከረጢቶቹ መካከል ጥላ፣ ታቅፋ፣ ፈልፍላለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ ሲያጽናኑኝ የነበሩት እውነትዎን ነው፤ ጫጩቶቹ በግቢዎ ውስጥ ሲሯሯጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ያልሄደው መኪናው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ኮሚቴው መንገዱን ሊያጠና እስከ እኛ ድረስ በመድከሙ አመሰግናለሁ። የመጣው በውሰት መኪና ነው፤ መኪናውም የናፍጣ ነበር። ሲመለስ የኋላው ወንበር ባዶ ስለነበር አንዲት በሽተኛ ቢያወርዱልኝ ብዬ ብለምን፣ የሰው ንብረት ላይ ጭነት መጫን ነውር መሆኑን አስተምረውኛል።

አራተኛ፦ ለክርክሩ ጥልቀት። በአዳራሹ በተጠራው ውይይት ላይ ተገኝቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳምጫለሁ። የሒሳብ ክፍሉ ተወካይ ሃይብሪዷ ነዳጅ እንደምትቆጥብ ሲያስረዱ፣ የጋራዡ ኃላፊ ባትሪዋ ወንዝ ውስጥ ቢሞት ማን እንደሚቀብረው ጠየቁ፤ ሒሳብ ክፍል የናፍጣውን ጭስ ሲያነሱ፣ ጋራዡ ዳገቱን አነሱ፤ ከምሳ በፊት ውሃ ቅዳ፣ ከምሳ በኋላ ውሃ መልስ ሲሆን ዋለ። ተሳፋሪዋን ያነሳ ግን አልነበረም። እኔ ልናገር ብድግ ስል መድረኩ የዘርፉ ባለሙያዎች መሆኑ ተነገረኝ፤ ስለዚህ እዚያ የዋጥኩትን እዚህ ልትፋው።

ሽማግሌው ዳገት አይፈራም፤ በከባድ ማርሽ ድንጋዩን እየቧጠጠ ይወጣዋል፤ ቢበላሽም መገንጠያው ላይ ያለው መካኒክ በሽቦና በቆርቆሮ ነፍስ ይዘራበታል። ነገር ግን ጭሱ በወለሉ ቀዳዳ እየገባ ምጥ ላይ ያለችውን እናት ያስታውካታል፤ ካልተገፋ ስለማይነሳም ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርገን ነበር የምናቆመው። እመቤቲቱም ከመታሸጓ በፊት ለጥቂት ጊዜ አገልግላናለች፤ ከኋላዋ ባለው ሶኬት መብራቴን ሰክቼ እንደ ሰው ሠርቻለሁ፤ ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። ነገር ግን ያው መካኒክ ኮፈኗን ከፍቶ ካየ በኋላ በስሕተት የሰው መኝታ ቤት እንደገባ ሰው ቶሎ ዘጋው፤ አንድ ነገር ብትሆን ተጎትታ ከተማ መውረድ አለባት፤ ወንዙ ሲሞላም ጋሼ ማርሽ ዳር ላይ አቁሞ ከመጸለይ ሌላ አያውቅላትም። እንግዲህ ትተካዋለች ወይ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ፣ በበጋ እሷ፣ በክረምት እሱ ቢሄዱልን ሁለቱም ያስፈልጉናል የሚል ነው። ይህን ያህል ቀላል መልስ ለኮሚቴው ክብር እንደማይመጥን ይገባኛል። ደግሞስ ኮሚቴው ከሁለቱም የሚበልጥ ቆጣቢ መኪና አግኝቶ የለ? የቆመ መኪና ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው፣ ጠብታ ነዳጅ አይፈልግ።

አምስተኛ፦ እዚህ ላይ ምስጋና ሊወጣኝ ስላልቻለ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። መኪኖቹ ከታሸጉ በኋላ የአናጢው ሚስት ምጥ ጠናባት፤ ልጁም አልወርድ አለ። ደወልኩልዎ። ስልኩን አንስተው ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «እኅቴ፣ አንዱ ከተነሳ እኮ ኪሎ ሜትሩ ይለያያል፤ ጥናቱ በሙሉ ይበላሻል።» ባሏ በገዛ እጁ የሠራውን አልጋ እግሮቹን ነቅሎ ቃሬዛ አደረገውና ከወንድሞቹ ጋር ተሸከማት፤ እኔም አብሬያቸው ወረድኩ። ወንዙን በደረታቸው ተሻግረው፣ ትከሻቸው ቆስሎ፣ አስፋልቱ ዳር ደረሱ። ልጁ እዚያ ተወለደ። አላለቀሰም። የማውቀውን ሁሉ አድርጌለታለሁ፤ አላለቀሰም። እናቲቱ ተርፋለች፤ እንዴት ነሽ ሲሏት ደህና ነኝ ትላለች፤ አናጢው ግን ከዚያ ወዲህ አልጋ ሥራልኝ የሚለውን ሁሉ ይመልሳል። ከመምሪያው የተላከው የማጽናኛ መልእክት ደርሶናል፤ ኪሎ ሜትሮቹም እንዳልተለያዩ ተረድተናል።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ የምጽፍልዎትም ስለ እሱ ነው። የትምህርት ቤታችን የሁለተኛ ክፍል መምህርት ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በቀዶ ሕክምና ስለሆነ፣ ቁስሉ የተሰፋበት ማህፀን ምጥ ከበረታበት ሊተረተር ይችላል፤ ያ ከሆነ እኔ በዚህች ክፍል ውስጥ በጓንትና በመቀስ የማደርግላት ነገር የለም። ምጡ ሳይጀምራት ወርዳ ሆስፒታሉ አጠገብ መቆየት አለባት። ይህንኑ ገልጬ ለኮሚቴው ባመለክት፣ የመውለጃዋ ቀን ከፈተናው ቀን ጋር ቢቀናጅ ሁለቱም ጉዳይ በአንድ ጉዞ ሊያልቅ እንደሚችል ሐሳብ ቀረበልኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር፤ ኮሚቴ ለአዋላጅ ሲያስተምር ግን የመጀመሪያዬ ነው። ደግሞም በደንቡ መሠረት አንድ ዓይነት ጭነት በሁለቱም መኪና መጓዝ ስላለበት፣ መምህርቷ አንዱን ልጅ በናፍጣው፣ ያንኑ ልጅ ደግሞ በሃይብሪዱ እንድትወልደው ላግባባት እንደሆነ መመሪያ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል።

መምህርቷ ቆማ ማስተማር ስላልቻለች ተቀምጣ ታስተምራለች። በየዕለቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በእኔ በኩል ታልፋለች፤ ሆዷን እነካካና ደህና ነው እላታለሁ። ሁለት መኪና አለ አይደል እንዴ ብላ ትጠይቀኛለች። አለ እላታለሁ። ታዲያ ስትለኝ የልጁን ልብ እንደገና አዳምጣለሁ። ፈርታለች። ፈራሁ ማለት በእኔ ሥራ አያምርም፤ እኔም ግን ፈርቻለሁ፤ ከመፍራቴም ይልቅ ተናድጃለሁ፤ መንገድ ጠፍቶ ቢሆን፣ መኪና ጠፍቶ ቢሆን እችለው ነበር፤ ሁሉ ነገር እያለ ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሲጨነቅ ማየት ግን ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

ስለዚህ የትኛው መኪና እንደሚሻል እንዲወስኑ አልጠይቅዎትም፤ ከትልቅ ሥራ ላይ ትንሽ ሥራ መጨመር ይሆንብኛል። አንዱን ብቻ ይላኩልን። መምረጡ ካስቸገረዎ የሚጠሉትን ይላኩልን፤ የሚወዱት ለጥናቱ ይቆይልዎት።

ወገብዎ ሳይታመም፣ ኮሚቴዎ ሳይጎድል፣ መሳቢያዎ ሳይከፈት ለረጅም ዘመን በክብር እንዲቀመጡ እየተመኘሁ፣ ለሚሰጡኝ መልስም ሆነ እንደ ልማድዎ ለማይሰጡኝ መልስ በቅድሚያ እጅ እነሣለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣ በእግሯ ከቆመች አገልጋይዎ፣
የላይኛው ጤና ጣቢያ አዋላጅ

ማስታወሻ፦ ከፈረምኩ በኋላ የመምህርቷ ባል እየሮጠ መጣ፤ ምጡ ቀድሞን ጀምሯታል። ይህን የምጽፈው ሽንኩርት ጭኖ ወደ ከተማ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ፣ በጆንያዎቹ ላይ ካነጠፍንላት ፍራሽ አጠገብ፣ ምጡ ፋታ ሲሰጣት ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ከመንገዱ ነው። ሾፌሩን አስቁመን ስንለምነው ክብደቷን አልጠየቀንም። የልጁን ልብ ለማዳመጥ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ሲጠፋ መንገድ እናጣለን፣ ሲነሳ ልቡን አጣዋለሁ። እመቤቲቱ ብትሆን ሳናቆም እሰማው ነበር፤ ሽማግሌው ቢሆን እስካሁን ደርሰን ነበር፤ ይህችን ለጥናትዎ በነፃ አበርክቻለሁ። ወንዙን ተሻግረን ስናቆም ሰምቼዋለሁ፤ ይመታል። ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ በመሥሪያ ቤትዎ በር ስለሚያልፍ ቀጥሎ የምናቆመው እዚያ ነው፤ ወረቀቱን ለዘበኛው እሰጠዋለሁ። ክላክስ ሲሰሙ እባክዎ ወጥተው አብረውኝ ያዳምጡ፤ የአናጢው ልጅ ልብ ሲቆም የሰማሁት ብቻዬን ነበር።