መቀስ ይዞ የጠበቀን አለቃ

ልጄ ዞርኒትሳ፣ ቅድስት ፔትካ በዚያ በጀርመን ብርድ ካባዋን ታልብስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደሜ ግን ፈልቷል።

የላክሽልኝን ቀይና ነጭ ክር እንደ ልማዳችን ለጤና እንዲሆነኝ በማርች መጀመሪያ ቀን እጄ ላይ አሰርኩት። ጸደይን የምታበስረውን የመጀመሪያዋን ሽመላ እስካይ ድረስ አልፈታውም ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አዲሱ አለቃችን ካሎያን፣ የምንሠራበት እርጎ ፋብሪካ በር ላይ መቀስ ይዞ ጠበቀን። ንፍጡን ጠርጌ ያሳደግኩት የጎረቤታችን ልጅ! እትዬ እንኳ ሳይለኝ፣ "እጅሽን አምጪ፤ ክሩ እርጎ ውስጥ ይገባል" ብሎ ቆረጠውና ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።

"ብትነግረኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስረው ነበር። ምላስ የለህም?" አልኩት።

"ከእያንዳንዷ አሮጊት ጋር ስከራከር ልዋል?" አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ የፋብሪካው አሮጊቶች ሰላምታውን አንመልስለትም። ልደቴ ነው ብሎ ቸኮላት ሲያዞር አንዲትም ሴት እጇን አልዘረጋችም። እናቱ "ይቅር በዪው" ብላ ብትመጣ በሩን ዘጋሁባት።

አንቺም አለቃ መሆንሽን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ትናንት ግን የላክሽውን ፎቶ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። አንቺ መሃል ቆመሽ ትስቂያለሽ። ከኋላሽ የቆሙት ሠራተኞችሽ፣ የእኔ እኩዮች፣ አንዳቸውም አይስቁም። ምን አድርገሻቸው ነው?

እጅሽ ይባረክ፤ መቀስ አያንሳ። ለፋሲካ ሌላ ፎቶ ላኪልኝ፣ እነሱ የሚስቁበትን።

እናትሽ ስታንካ