ወርካው ከመቆረጡ በፊት

ውድ ጓደኛዬ ጋቶኒ፣

ስልክ አላነሳ ስላልሽ ይህን ደብዳቤ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ኒየሪ በሚሄድ የማታቱ ሚኒባስ ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ። አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትቀድጂው፣ አደራ።

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ነው፤ ልቤ አልረጋ ብሏል። ነገሩ የወርካሽ ነው። ከዓመታት በፊት ልጅሽ ሙሪኡኪ ለሥራ ወደ ዱባይ የሄደ ሰሞን በወንዙ ዳር የተከልሽው፣ «ይሄ ዛፍ እስከቆመ ድረስ ልጄም ቆሟል» ያልሽለት ወርካ። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ የልጁ ድምፅ ጠፍቶ፣ ያንን ዛፍ ብቻ ይዘሽ እንደቀረሽ አውቃለሁ። ለዚህ ነው እየሰረዝኩ እየደለዝኩ የምጽፈው።

ሥሩ ከታች ያለውን የፍሳሽ ቱቦ ሰንጥቆታል። ስንት ቅዳሜ ወገባችን እስኪቀጭ ፌስታልና ደለል የጠረግንለት ወንዝ ተመልሶ ገማ። በዳሩ ባበጀነው መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው። ልጆቹ ግን ብንቆጣቸውም እዚያው ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። የኪማኒ ትንሿ ልጅ ሆዷን ታማ ሆስፒታል ሰንብታለች። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ አየውና «ዛፉ ካልተነሳ ቱቦውን ብቀይረውም መልሶ ይሰነጥቀዋል» አለን።

ባለፈው ቅዳሜ የማኅበራችን ሰዎች ዛፉ ሥር ተሰበሰብን። መጋዙ መሀል ተቀምጧል፤ ወርካ የቆረጠ ይረገማል ሲባል ታውቂያለሽ፣ የሚነካው ጠፋ።

«እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ፤ በዛፍ አላምንም» አለ ኪማኒ።

«እሰይ! እንግዲያው እንካ መጋዙን» አልኩት።

«ወገቤን ያመኛል እኮ።»

ሁሉም ወደ ኦቺየንግ ዞሩ። «አንተ ከሐይቅ ዳር ጎሳ ነህ፤ የኛ ወርካ ምን ያደርግሃል? ዓሣህን በላ አድርግና ቁረጥልን!»

«ዛፉስ ምንም አያደርገኝም» አለ እየሳቀ፤ «ሚስቴ ግን የናንተው ልጅ ናት። ማታ ማን በር ይከፍትልኛል?»

አባባ ንዱንጉ ብቻ አልሳቁም። «ወርካ በሽማግሌ ምርቃትና በበግ ነው የሚነሳው። ደግሞ የተከለችው ሳታውቅ?» አሉ። በጉ ተገኝቷል። አንቺን የማሳወቁን ነገር ግን እኔ ላይ ጣሉት።

ጋቶኒ፣ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው። የፊታችን ቅዳሜ ወርካው ይቆረጣል። አስቀድሜ ግን ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ወስጄ ከቱቦው ርቆ፣ በወንዙ ዳር መንገድ ላይኛው መግቢያ በር በኩል እተክለዋለሁ። አባባ ንዱንጉ «ወርካ ከቅርንጫፉ ይበቅላል» ብለውኛል። ባይጸድቅስ? በምን ዓይኔ አይሻለሁ? «ልጄን ገደልሽብኝ» እንዳትይኝ እፈራለሁ። ግን የኪማኒ ልጅም ልጅ ናት፤ ምን ላድርግ?

አሁን የምነግርሽን መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ ያዘገየሁት እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው። ትናንት ከማላውቀው የውጭ አገር ቁጥር ተደወለልኝ። መስመሩ እየተቆራረጠ አንድ ወንድ «እናቴ ስልኳን ለምን አታነሳም?» አለኝና ጠፋ። የሙሪኡኪ ድምፅ ነው ብዬ አልምልልሽም። መልሼ ብደውል ዝግ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ከእጄ አላወጣሁም።

ክፉ ወሬ እንዳትሰሚ ፈርተሽ እንደምትሸሺ ይገባኛል፤ እኔም ብሆን እሸሽ ነበር። ነገር ግን ዛፍ አይደውልም፣ ጋቶኒ። ወርካውን ለኔ ተዪልኝና ስልክሽን አንሺ።

ቅርንጫፉን እያጠጣሁ የምጠብቅሽ፣
ጓደኛሽ ሙቴኡ